ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ «ሆስፒታሉ እናቴን በወጉ ማከሙን በምን ልወቅ?»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምጽፍልዎ ከመሐል ሜዳ ነው። የ58 ዓመት እናቴ የልብ ድካም አለባት ተብላ ሆስፒታል ዘጠኝ ቀን ተኛች። የእግሯ እብጠት ጎድሎ፣ ትንፋሿም ተመልሶ ወጣች። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ግን እግሯ እንደገና አበጠ፤ አሁን ሌሊቱን ቁጭ ብላ ነው የምታድረው። ጎረቤቱ ሁሉ «ያ ሆስፒታል አይረባም፣ አዲስ አበባ ውሰዳት» ይለኛል። አንድ ሆስፒታል የልብ ድካምን በደንብ ማከሙ በምን ይታወቃል?

መልስ፦ ከሁሉ በፊት እናትዎን ዛሬውኑ ሐኪም ይያቸው። ጋደም ማለት አቅቷቸው ቁጭ ብለው የሚያድሩት ሳንባቸው ውሃ ስለቋጠረ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ለነገ የሚባል አይደለም። ቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ይውሰዷቸው፤ የትኛው ይሻላል የሚለው በኋላ ይደርሳል።

ወደ ጥያቄዎ ልመለስ። ሰው ሆስፒታልን የሚመዝነው ብዙ ጊዜ በሕንፃውና በሠራተኞቹ ፊት ነው። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቀው የድካሙ ምክንያት ተፈልጓል ወይ ብዬ ነው። በአገራችን የደም ግፊት አለ፤ በልጅነት ጉሮሮ ሕመም ተነሥቶ የልብን ቫልቭ የሚያበላሸው በሽታ አለ፤ የልብ ጡንቻ መድከምም አለ። የልብ አልትራሳውንድ ካልተሠራ እነዚህን በእርግጠኝነት መለየት ያስቸግራል፤ ልብ ደም የመርጨት አቅሙ ስንት በመቶ እንደሆነም አይታወቅም። ያ ቁጥር 40 እና ከዚያ በታች ከሆነ ዕድሜ የሚያራዝሙ መድኃኒቶች አሉ፦ እነ ኢናላፕሪል፣ ካርቬዲሎል፣ ስፓይሮኖላክቶን፣ በቅርብ ዓመታት ደግሞ ዳፓግሊፍሎዚን። የሚያሸናው ላሲክስ እብጠትና ትንፋሽ ያቀልላል እንጂ የእነዚህን ቦታ አይተካም። ልባቸው ደክሞ ሳለ ላሲክስ ብቻ ይዘው ከወጡ ሕክምናው መንገድ ላይ ቀርቷል።

አሜሪካ ውስጥ ሆስፒታሎች ለዓመታት የልብ ድካም ሕክምናቸው በአራት ነገር ይለካ ነበር፦ የመርጨት አቅሙ መለካቱ፣ ለደከመ ልብ ኢናላፕሪልን የመሰለ መድኃኒት መታዘዙ፣ ለአጫሽ ምክር መሰጠቱ፣ በሽተኛው ሲወጣ የጽሑፍ መመሪያ መያዙ። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ ጥናት እነዚህን መለኪያዎች ከበሽተኞቹ ዕጣ ጋር ሲያስተያይ ከአራቱ ጥቅሙ የታየው መድኃኒቱ ነበር። ያኔ መለኪያው ውስጥ ያልነበረው የእነ ካርቬዲሎል መታዘዝ ደግሞ ከሞት መቀነስ ጋር ተያይዞ ተገኘ። መመሪያው «ተሰጥቷል» ተብሎ መዝገብ ላይ መስፈሩ ግን ለውጥ አላሳየም።

እኔን ይህ አልገረመኝም። አንድ የመንዝ አባት ለክትትል መጥተው መዝገባቸውን ስገልጥ «ምክር ተሰጥቷል» ይላል። መድኃኒታቸውን አሳዩኝ ብላቸው ከጋቢያቸው ሥር ፌስታል አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ ፈቱት። የሚያሸናው ክኒን እንዳለ ነበር፤ «መኪና ላይ ሽንቴ ቢመጣ ማን ያቆምልኛል ብዬ ተውኩት» አሉኝ። ጠዋት የሚዋጠውንም ጾም ከገባ ጀምሮ አልቀመሱትም፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለሚጾሙ። ሰዓቱ ሊዛወር እንደሚችል የነገራቸው ሰው አልነበረም። መዝገቡ አልዋሸም፤ ነገር ግን እኚያን አባት ስለ ጾማቸውና ስለ መንገዳቸው የጠየቃቸው የለም። ለእኔ የሆስፒታል ጥራት ከሁሉ በላይ የሚታየው በዚያ በመውጫው ቀን ጭውውት ነው። ጠበል የሚጠጡ ከሆነ ስንት ኩባያ እንደሚጠጡ፣ ወጡ ውስጥ ጨው ማን እንደሚጨምር ሳይቀር መጠየቅ አለበት።

እናትዎ በሦስት ሳምንት መመለሳቸው ብቻውን ሆስፒታሉን አያስኮንነውም። በ30 ቀን ውስጥ የሚመለሰውን ሰው መቁጠር የታወቀ መለኪያ ነው፤ አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ተመላሽ የበዛበትን ሆስፒታል ክፍያ ትቀንሳለች። በእኛ አገር ግን ይህን ቁጥር በጥንቃቄ ነው የማየው። መኪና አጥቶ ቤቱ የሞተ ሰው «አልተመለሰም» ተብሎ ሊቆጠር ይችላልና። መጠየቅ ያለበት ለምን ተመለሱ የሚለው ነው፦ መድኃኒቱ አልቆ፣ ጨው በዝቶ፣ ወይስ መጀመሪያውኑ ሳይታዘዝ ቀርቶ?

አዲስ አበባ መሄድ የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ፤ ለምሳሌ ቫልቭ ተበላሽቶ ቀዶ ሕክምና ሲታሰብ። ያንን የሚወስነው የአልትራሳውንዱ ውጤት እንጂ የጎረቤት ምክር አይደለም።

አሁን ሲወጡ የመውጫ ማጠቃለያው በእጅዎ ይግባ። የመርጨት አቅሙ ቁጥር ተጽፎበት እንደሆነ ይዩ፤ እያንዳንዱ ክኒን ለምን እንደታዘዘ እናትዎ ራሳቸው ለነርሷ መልሰው ይንገሯት። ቀጠሮው ከሁለት ሳምንት ከራቀ እንዲያሳጥሩልዎ ይለምኑ። በወጡበት ቀን ኪሏቸውን ያስመዝኑና ይጻፉት። ቤት ሚዛን ከሌለ የጤና ኬላው ወይም የእህል ነጋዴው ሚዛን ይሆናል፤ ብቻ ሁልጊዜ አንዱ ይሁን። በሦስት ቀን ከሁለት ኪሎ በላይ ከጨመሩ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይዘዋቸው ይምጡ።