«ሕዝብ በዝቶ ነበር» ተብሎ ሰው ይሸጣል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን አሉ? ኮሌጅ ስለ ባሪያ ንግድ እየተማርን ነው። ጓደኛዬ «አፍሪካ ሕዝብ በዝቶባት ነበር፤ ባይሸጡ በረሃብ ያልቁ ነበር» ይላል። ይህን ያስተማረው ማልተስም ቄስ ነበር አለኝ። ምን ልመልስለት?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ማልተስ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ቄስ መሆኑ እውነት ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1798 ሕዝብ ከምግብ ይልቅ ቶሎ ይበዛል ብሎ ጻፈ። ሐሳቡን ለባሪያ ንግድ መከላከያ ያደረጉት ግን ሌሎች ናቸው። እሱ ራሱ በ1806 እትሙ ተቃውሟቸዋል። ነገሩን እስቲ አስበው። በካሪቢያን የስኳር እርሻዎች በየዓመቱ አዲስ ሰው ከአፍሪካ ካልመጣ የባሮቹ ቁጥር ይቀንስ ነበር። ሰው ደኅና ኑሮ ካገኘ ይወልዳል፣ ይበዛል። እነዚያ የሚያልቁት ኑሯቸው መከራ ስለነበረ ነው፤ መሸጣቸው ከሞት አላዳናቸውም።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ፈርዖን ነው። ዘጸአት ምዕራፍ 1ን ገልጠህ አንብብ። እስራኤላውያን በዙብን አለ። ከዚያስ? ጭቃ አስቦካቸው፣ ጡብ አሠራቸው። ደግሞ ከአገር እንዳይወጡ ይሰጋ ነበር! ብዛታቸው እውነት ቢያስጨንቀው ኖሮ «ሂዱልኝ» ባለ ነበር። ጉልበታቸውን ግን ፈልጎታል።

«ባርነት አያዋጣም» የሚል ክርክርም ትሰማለህ። የኢኮኖሚ ሊቁ አዳም ስሚዝ በ1776 የባሪያ ሥራ ከሁሉ የበለጠ ውድ ነው ብሏል። አንተ ግን በዚህ ላይ ብቻ አትደገፍ። ነገ አንዱ መጥቶ ትርፍ እንደነበረው ቢያሳይህ ምን ልትል ነው? ጳውሎስ በፊልጵስዩስ የጥንቆላ መንፈስ ያለባትን ገረድ ሲፈውሳት፣ ጌቶቿ የትርፋቸው ተስፋ መቅረቱን አይተው ነው ጳውሎስን ለሹማምንቱ የሰጡት (ሐዋ. 16)። ልጅቷ ተፈወሰች ብሎ ደስ ያለው ጌታ አልነበረም። እንግሊዝም በ1833 ባርነትን ስትሽር ለጌቶች 20 ሚሊዮን ፓውንድ ካሳ መደበች። ለባሮቹ ምንም።

«ባይሸጡ በረሃብ ያልቁ ነበር» የሚለው ንግግር ደግሞ እኛም ቤት አለ። «አገሯ ብትሆን ምን ትበላ ነበር?» ብለን የሠራተኛችንን ደመወዝ እንቀንሳለን። ለጓደኛህ ይህንን ሁሉ ንገረው። ቤታችሁ ሠራተኛ ካለች ግን ዛሬ ማታ እናትህን ጠይቅልኝ፦ የዚህ ወር ደመወዟ ተከፍሏል?