ፒንጉን ያየች ልጅ ትምህርቷን ታቋርጥ?

ከኮምቦልቻ አንዲት የሦስተኛ ዓመት የሶፍትዌር ተማሪ ጻፈችልኝ። ቤተሰቦቿ ደሴ ናቸው። ባጭሩ እንዲህ ትላለች፦ «ጋሼ፣ ልጅ ሆኜ ፒንጉን፣ ያንን ከሸክላ የተሠራ የፔንግዊን ፊልም፣ በሲዲ እያየሁ ነው ያደግኩት። በቅርቡ የሠራው ሰውዬ ገና እኔ ሳልወለድ እንደሞተ አንብቤ አለቀስኩ፣ ወንድሜ ሳቀብኝ። ከዚያ ወዲህ ሌላ ነገር ማሰብ አቃተኝ። ትምህርቴን ትቼ፣ እናቴ ከእቁብ በሚደርሳት ብር አዲስ አበባ ሄጄ አኒሜሽን ብማርስ?»

አብሽሪ እህቴ። ማልቀስሽ ምንም አያሳፍርም። እኔም ያንን ፔንግዊን እወደዋለሁ። ሲናደድ አፉን ጡሩንባ አድርጎ «ኑት ኑት» ሲል፣ ከታናሽ እህቱ ጋር ሲጣላ፣ ተቆጥተውት ሲያኮርፍ፣ አንድም ቃል ሳይተረጎምልን ሁሉም ነገር ይገባን ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሁሉንም ድምፅ ብቻውን ያወጣው ካርሎ ቦኖሚ የሚባል ጣሊያናዊ ነው። ፒንጉ የሚያወራው ቋንቋ የማንም አገር አይደለም።

ትምህርትሽን ግን አታቋርጪ። የእቁቡንም ብር አትንኪ።

ምክንያቱ ሰውየው ራሱ ነው። ኦትማር ጉትማን ጀርመናዊ ነው፣ ፒንጉን የሠራው ስዊዘርላንድ ውስጥ። የሙከራ ፊልሙ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው፣ ተከታታዩ በቴሌቪዥን መታየት የጀመረው ደግሞ በ1990። እሱ በ1993 ሞተ፣ ፒንጉ ግን በሌሎች እጅ መሠራቱን ቀጠለ። ከሙከራው እስከ ቴሌቪዥኑ አራት ዓመት እንዳለ ልብ በይ። እንግሊዛዊው ኒክ ፓርክም ዋላስና ግሮሚትን፣ የአንድ ሰውዬና የውሻውን የሸክላ ፊልም፣ የጀመረው በ1982 ነው፣ ያውም ተማሪ ሆኖ ለመመረቂያ ፊልም ብሎ። የመጀመሪያው ፊልም ያለቀው በ1989 ነው። ይህ ሥራ ጊዜ ይበላል። አንቺ ዛሬ ትምህርት ብትተዪም ከዚያ አያጥርልሽም።

ደግሞም የምትማሪው ነገር ከዚህ ሥራ የራቀ አይደለም። የሸክላ አኒሜሽን ማለት የጭቃ ምስልን ትንሽ ትንሽ እያንቀሳቀሱ ፎቶ በማንሳት የሚሠራ ፊልም ነው። ሲሠራ የሚዘል ገፀ ባሕርይ በሽቦ ተደግፎ ነው አየር ላይ የሚቆመው፣ ያን ሽቦ ከእያንዳንዱ ፎቶ ላይ የሚያጠፋው ኮምፒውተር የሚያውቅ ሰው ነው። ፎቶ ማንሻውን፣ መብራቱን፣ ድምፁን የሚያቀናጀውም ሶፍትዌር ነው።

አሁን ያለብሽ ሥራ ይኼ ነው። የ20 ሰከንድ ፊልም ሥሪ። ለአንድ ሰከንድ 12 ፎቶ ይበቃል፣ ስለዚህ 240 ጊዜ ትንሽ ትንሽ እያንቀሳቀስሽ ታነሻለሽ ማለት ነው። ስልክሽ ይበቃል፣ ለዚህ የሚሆኑ ነፃ አፖች አሉ። ሸክላ ሠሪዎች የሚጠቀሙበትን ጭቃ አትያዢ፣ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ዘይት ያለበትንና የማይደርቀውን የልጆች መጫወቻ ጭቃ ፈልጊ። ደሴ ብርዱ ያጠነክረዋል፣ በእጅሽ አሙቂው። ኮምቦልቻ ደግሞ ሙቀቱ ያላላዋል፣ አምፖል ሥር ብዙ አታቆዪው። ውስጡ ሽቦ አድርጊበት። እግሩን አጭርና ሰፊ አድርጊው፣ ፒንጉን አስታውሺ፣ ያ ቅርፅ በቀላሉ አይወድቅም።

በመስኮት ብርሃን ፈጽሞ አትሥሪ! ከጦሳ ተራራ ላይ ጉም በወረደና በተገለጠ ቁጥር ፊልምሽ ብልጭ ድርግም ይላል። መስኮቱን በብርድ ልብስ ሸፍኚና ቻርጅ በሚደረግ መብራት ሥሪ፣ መብራት ቢሄድም አያቋርጥሽም። የስልኩን ካሜራ የብርሃን መጠንና ፎከስ ቆልፊ።

ለልምምድ ፒንጉን ብትሠሪ ችግር የለውም። ለሥራ የምታሳዪው ግን የራስሽ ፍጡር መሆን አለበት፣ ፒንጉ ባለቤት አለው። ሰኞ ገበያ ወርደሽ ሰው ሲከራከር ቆመሽ እዪ፣ ትከሻውን፣ አንገቱን፣ እጁን። ያለ ቃል ሥሪው። ያኔ የደሴ ልጅም የውጭ ቀጣሪም ያለ አስተርጓሚ ያየዋል።

ስለ ገቢው አልሸነግልሽም። ደሴና ኮምቦልቻ ተቀምጠሽ በሸክላ አኒሜሽን ብቻ የወር ደሞዝ ታገኛለሽ ብለሽ አትጠብቂ። አጭር ማስታወቂያ፣ የጤና ትምህርት መልእክት፣ የልጆች ቪዲዮ ግን ከዲግሪሽ ጎን ለጎን ልትሠሪ ትችያለሽ። አገራችን ውስጥም መንገዱን የጀመሩ አሉ። ብሩክታዊት ጥጋቡ አስተማሪ ነበረች፣ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለውን የልጆች የቴሌቪዥን ፕሮግራም ስትጀምር ይዛ የተነሳችው የቀጭኔ አሻንጉሊት ነው። በኋላ ድርጅቷ አኒሜሽንም ሠራ። ሸክላ ባይሆንም ልብሽን የሚያሞቅ ታሪክ ነው።

20 ሰከንዱን እስከ ሴሚስተሩ እረፍት ጨርሺና ላኪልኝ፣ እኔ ስህተቱን እየነቀስኩ እመልስልሻለሁ። ለእናትሽ ደግሞ ፊልሙን ሳታሳዪያቸው የአዲስ አበባን ነገር አታንሺባቸው።