ቅራሪና እርሾ

ባሕር ዳርና ደብረ ማርቆስ ሆናችሁ ስለ ጂን ሕክምና የምትጠይቁኝ ልጆች፣ ጂኑን ተሸክሞ ወደ ሴል የሚያስገባው ብዙውን ጊዜ ቫይረስ ነውና፣ ሁላችሁም የምትጀምሩት «የቱ ቫይረስ ይሻላል?» ብላችሁ ነው። መጀመሪያ ሴሉን እዩት።

እኔ ይህን የተማርሁት አፍሬ ነው። ውጭ አገር ላብራቶሪ በገባሁ በመጀመሪያው ዓመት ከአይጥ አንጎል የተወሰዱ የነርቭ ስቴም ሴሎችን፣ ማለትም ገና ነርቭ ያልሆኑ፣ እየተከፋፈሉ የሚባዙ ሴሎችን፣ አሳድግ ነበር። ፈሳሽ ውስጥ ተሰባስበው ትንንሽ ኳስ ይሠራሉ። ጂን ላስገባባቸው ኤኤቪ የሚባለውን ቫይረስ መረጥሁ። ለምን? አጠገቤ የሚሠራው ልጅ እሱን ስለሚጠቀም! የእሱ ሴሎች ግን መከፋፈል ያቆሙ፣ ያደጉ ነርቮች ነበሩ።

የጫንሁት ጂን ከጄሊፊሽ የተገኘ፣ ሴሉን አረንጓዴ የሚያበራ ነው። በሦስተኛው ቀን መብራት አጥፍቼ በማይክሮስኮፕ ሳይ ኳሶቹ ቦግ ብለዋል። ፎቶ አንስቼ ላብራቶሪው ውስጥ ላለ ሰው ሁሉ ላክሁ። በሁለተኛው ሳምንት ጨለማ ሆነ። የማይክሮስኮፑ አምፖል ተቃጠለ ብዬ አምፖል ቀየርሁ።

አምፖሉ ደህና ነበር። ኤኤቪ ያመጣውን ጂን በአብዛኛው ከሴሉ ክሮሞሶም (የሴሉ የራሱ ዲኤንኤ ካለበት ክር) ጋር አይሰፋውም፤ ለብቻው ያስቀምጠዋል። ሴሉ ሲከፈል ያ ጂን አብሮ አይባዛም። ልጆቹ ይካፈሉታል፣ የልጅ ልጆቹም እንዲሁ፣ እየሳሳ ይሄዳል። ቢቸና ላለችው እናቴ ይህንኑ በስልክ ሳስረዳት ሣቀችብኝ። «እና ቅራሪ ሆነብህ በለኛ!» አለች። ከዚያ የተሻለ ማብራሪያ እስካሁን አልሰማሁም።

ኤኤቪን ግን አትናቁት። እ.ኤ.አ. በ2019 አሜሪካ ውስጥ ለሕፃናት የጡንቻ መድከም በሽታ የተፈቀደው ዞልጀንስማ በእሱ ነው የሚጓዘው። የሚደርስባቸው ነርቮች ስለማይከፋፈሉ ጂኑ አይሳሳም። ጭነቱ ግን ትንሽ ነው፤ ከ4,700 ገደማ የዲኤንኤ ፊደል በላይ አይችልም።

ለሚከፋፈል ሴል ሌንቲቫይረስ ይሻላል። እሱ እንደ እርሾ ነው። ጂኑን ክሮሞሶሙ ውስጥ ያስገባዋል፣ ሴሉ ሲባዛ አብሮ ይባዛል፣ ከሊጥ ወደ ሊጥ ያልፋል። ብዙውን ጊዜ ከኤችአይቪ የተሠራ መሆኑን ስትሰሙ አትደንግጡ። በሽታ አምጪ ጂኖቹ ወጥተዋል፣ ራሱን እንዲያባዛ የሚያደርጉትም ተለያይተው ተቀምጠዋል። ጓንትና ጥንቃቄ ግን አይቀርም።

እርሾም ጣጣ አለው። ጂኑ የት ቦታ እንደሚገባ እናንተ አትመርጡም። ፓሪስ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1999 በተጀመረ ሕክምና የሌንቲቫይረስ ዘመድ የሆነ ቫይረስ በሕፃናት የደም ስቴም ሴሎች ውስጥ ጂን አስገባ። ብዙዎቹ ዳኑ፤ ጥቂቶቹን ግን የደም ካንሰር ያዛቸው። ጂኑ አርፎበት የነበረው ቦታ ካንሰር የሚቀሰቅስ ጂን አጠገብ ነበር።

ሌላው ሁሉ የእጅ ሥራ ነው። ቫይረሱን በትንንሽ ቱቦ ከፋፍላችሁ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ላይ አስቀምጡ፤ ቀልጦ እንደገና ሲቀዘቅዝ ኃይሉ ይወርዳል። ቫይረስ ያልነካው አንድ ሳህን ሁልጊዜ ጎን ለጎን ይኑር። የሞተ ሴል በራሱም ያበራል፣ ስንቱን አሞኝቷል መሰላችሁ።

ያቺ ፎቶ እስከ ዛሬ አለችኝ። ጥጓ ላይ «ቀን 3» ተብሎ ተጽፏል። የቀን 14ቱን አላነሳሁም።