የተላመዱት ሴሎች ለምን እንደገና ሞቱ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ኬ562 ሴሎችን ኢማቲኒብ በተባለው የደም ካንሰር መድኃኒት ውስጥ እያሳደግሁ፣ መጠኑን ቀስ በቀስ ከፍ በማድረግ በአምስት ወር 1 ማይክሮሞላር ላይ አደረስኋቸው። ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ከቆዩ በኋላ አውጥቼ ያለ መድኃኒት ለሁለት ወር አሳደግኋቸው። አሁን በ1 ማይክሮሞላር ስፈትናቸው መድኃኒት ነክቷቸው እንደማያውቅ ሆነው ይሞታሉ። የት ተሳሳትሁ? (የድኅረ ምረቃ ተማሪ)

መልስ፦ ያለ መድኃኒት ያሳለፉት ሁለት ወር ነው ዋናው ተጠርጣሪ። ኬ562 በ1970ዎቹ ከአንዲት የሲኤምኤል የደም ካንሰር ታማሚ የተገኘ ሴል ላይን (በላብራቶሪ ሳያቋርጥ የሚራባ የሴል ዘር) ሲሆን፣ ሕይወቱ የተንጠለጠለው ቢሲአር-ኤቢኤል በሚባል አንድ ኢንዛይም ላይ ነው። ይህ ኢንዛይም ያለ እረፍት «ተባዛ፣ አትሙት» የሚል መልእክት ያስተላልፋል። ኢማቲኒብ ደግሞ ኢንዛይሙ ኤቲፒ የተባለውን የኃይል ሞለኪዩል የሚይዝበት ኪስ ውስጥ ገብቶ መልእክቱን ይቆርጣል። ሴሉ ከዚህ የሚያመልጥባቸው መንገዶች ብዙ ናቸው፤ ሁሉም ግን እኩል አይጸኑም።

ሴሉ የኢንዛይሙን ጂን ቅጂ አብዝቶ ከሆነ ያመለጠው፣ ተጨማሪዎቹ ቅጂዎች አንዳንዴ ከክሮሞዞም ውጭ በትናንሽ ቁርጥራጮች ላይ ይቀመጣሉ። ቁርጥራጮቹ ሴንትሮሜር (ክሮሞዞም በክፍፍል ጊዜ የሚጎተትበት ክፍል) ስለሌላቸው ሴሉ ሲከፈል ለልጆቹ እኩል አይከፋፈሉም። መድኃኒት እስካለ ድረስ ብዙ የደረሰው ይተርፋል፤ መድኃኒቱ ከተነሣ ግን ጥቂት የያዙት በቁጥር ይበልጣሉ፣ መላመዱም በሳምንታት ውስጥ ይጠፋል። ይህ ሜቶትሬክሴት የተባለውን የካንሰር መድኃኒት በተላመዱ የአይጥ ሴሎች ላይ ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በደንብ የታወቀ ነገር ነው። በአንጻሩ ቲ315አይ በሚባለው ለውጥ የኢንዛይሙ 315ኛ አሚኖ አሲድ ከትሪዮኒን ወደ አይሶሉሲን ይቀየራል፤ ለውጡ በዲኤንኤው ላይ የተጻፈ ስለሆነ መድኃኒት ስለተነሣ ብቻ አይፋቅም። የእርስዎ ፍላስክ ግን ድብልቅ ሕዝብ ነበር። ከተላመዱት ጋር ጥቂት ያልተላመዱ ተደብቀው ከነበሩና በፍጥነት የሚከፈሉ ከሆነ፣ በሁለት ወር ፍላስኩን ይወርሱታል።

ስለዚህ በፈሳሽ ናይትሮጅን ካስቀመጧቸው ቱቦዎች አንዱን ያውጡ። ሴሎቹ ሁለት ጊዜ እስኪከፈሉ ያለ መድኃኒት ያሳርፏቸው፤ ከበረዶ እንደወጡ መድኃኒት ማስገባት የተላመደውንም ሊገድል ይችላል። ከዚያ ሦስት ፍላስክ ይያዙ፦ የተላመዱት ከነመድኃኒቱ፣ የተላመዱት ያለ መድኃኒት፣ እንዲሁም የመጀመሪያዎቹ ሴሎች መድኃኒቱ የተሟሟበትን ዲኤምኤስኦ ብቻ በእኩል መጠን ይዘው (ከ0.1 በመቶ አይብለጥ)። በመጀመሪያው ቀን፣ በ2ኛው፣ በ4ኛውና በ8ኛው ሳምንት ይፈትኗቸው። ለጸና ሥራ ግን በባለ 96 ጉድጓዱ ሳህን ላይ በአንድ ጉድጓድ በአማካይ ከአንድ ሴል በታች እንዲደርስ አቅጥነው ዘርተው፣ ከአንድ ሴል የተነሣ ዘር ይለዩ።

ሁለት ነገሮችንም ይመርምሩ። አንደኛው ሚዛን ነው። የኢማቲኒብ ሜሲሌት (የመድኃኒቱ የጨው ቅርጽ) ሞለኪዩላር ክብደት 589.7፣ ሜሲሌት የሌለው ኢማቲኒብ ደግሞ 493.6 ነው። 10 ሚሊሞላር የሆነ 1 ሚሊሊትር ለማዘጋጀት ከሜሲሌቱ 5.9 ሚሊግራም ያስፈልጋል። በ493.6 አስልተው 4.9 ሚሊግራም ካደረጉ መድኃኒትዎ በ16 በመቶ ገደማ ቀጥኗል፤ ሌላ ሰው በትክክል ሲያዘጋጀው «የተላመዱት» ሊሞቱ ይችላሉ። ሁለተኛው የአዘራር ብዛት ነው። ለ72 ሰዓት ፈተና በአንድ ጉድጓድ 5,000 ሴል ይበቃል። 20,000 ከዘሩ መድኃኒት የሌለባቸው ጉድጓዶች በሦስተኛው ቀን ተጨናንቀው እድገታቸውን ያቆማሉ፤ ያኔ ልዩነቱ ስለሚጠብ ደካማው ሴል የተላመደ መስሎ ይታያል።

ጥያቄ፦ ሴሉ መድኃኒቱን እየተፋው ይሁን ወይስ የመልእክት መንገድ ቀይሮ፣ በቀላሉ እንዴት እለያለሁ?

መልስ፦ ክርክ-ኤል የሚባለውን ፕሮቲን ይጠይቁት። ቢሲአር-ኤቢኤል በቀጥታ ፎስፌት የሚለጥፍበት ፕሮቲን ነው፤ ክብደቱ ወደ 39 ኪሎዳልተን ነው። ሴሎቹን በ1 ማይክሮሞላር ኢማቲኒብ ለ4 ሰዓት አቆይተው በዌስተርን ብሎት (ፕሮቲኖችን በጄል ለይቶ በአንቲቦዲ በሚያሳየው ዘዴ) ይመልከቱ። ፎስፌት የያዘው ክርክ-ኤል ጄሉ ላይ ትንሽ ዘግይቶ ስለሚሄድ፣ ጠቅላላ ክርክ-ኤልን በሚያሳይ አንቲቦዲ እንኳ ሁለት መስመር ተቀራርበው ይታያሉ። የላይኛው ፎስፌት የያዘው ነው።

የላይኛው መስመር ጠፍቶ ሴሉ በሕይወት ከቀጠለ፣ መድኃኒቱ ሥራውን ሠርቷል፤ ሴሉ ግን በሌላ መንገድ እየኖረ ነው። በተላመዱ ኬ562 ሴሎች ላይ ሊን የተባለው ኢንዛይም ይህን ሚና ሲይዝ ታይቷል። መስመሩ ካልጠፋ ወይ መድኃኒቱ ኢንዛይሙ ዘንድ አልደረሰም፣ ወይ ኢንዛይሙ ተለውጧል ወይም በዝቷል። እነዚህን የሚለየው የፓምፑ ፈተና ነው።

መድኃኒትን ከሴሉ የሚተፋው ፓምፕ ፒ-ግላይኮፕሮቲን ይባላል፤ በ1976 ኮልቺሲንን በተላመዱ የሃምስተር እንቁላል እጢ ሴሎች ላይ የተገለጸ ነው። ሴሎቹን ፓምፑ በሚተፋው አብሪ ቀለም፣ በሮዳሚን 123 (በሚሊሊትር 0.2 ማይክሮግራም) በ37 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ ያቆዩ፣ በቀዝቃዛ ፒቢኤስ (ሴል ማጠቢያ የጨው ውሃ) ይጠቡ፣ ከዚያ ቀለም በሌለው ሙቅ ሚዲየም ለ60 ደቂቃ ይተዉአቸው፤ ግማሹን ፓምፑን ከሚያግደው ከ10 ማይክሮሞላር ቬራፓሚል ጋር። የእያንዳንዱን ሴል ድምቀት በሚለካው ፍሎ ሳይቶሜትር ሲለኩ፣ ቬራፓሚል የሌለበት ደብዝዞ ያለበት ከደመቀ ፓምፑ እየሠራ ነው። ብዙዎች የሚያበላሹት መጨረሻ ላይ ነው፦ ተራ እስኪደርስ ቱቦዎቹን ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣሉ፣ ፓምፑም መግፋቱን ይቀጥላል። ቱቦዎቹ በበረዶ ላይ ይሁኑ። ቬራፓሚልን ከኢማቲኒብ ጋር አድርገው ሴል ገደለ ከማለትዎም በፊት ቬራፓሚል ብቻውን ምን እንዳደረገ ያሳዩ።

ጥያቄ፦ በዌስተርን ብሎት ጠቅላላው ፕሮቲን ደምቆ ይወጣል፤ ፎስፌት ያለበት ግን አንድ ቀን አለ፣ አንድ ቀን የለም።

መልስ፦ ሴሉ በተሰበረ ቅጽበት ፎስፌት የሚነቅሉ ኢንዛይሞች ይለቀቃሉ። መከላከያው ሶዲየም ኦርቶቫናዴት ነው፤ ከማሰሮው አውጥቶ እንዲሁ መጨመር ግን ብዙ አያግዝም። 0.74 ግራም በ20 ሚሊሊትር ውሃ ያሟሙ (200 ሚሊሞላር)፣ ፒኤቹን 10 ያድርጉ። ቢጫ ይሆናል፤ ቢጫው ሞለኪዩሎቹ እርስ በርስ ተያይዘው ኢንዛይሙን በደንብ የማይዙበት ቅርጽ ነው። እንደ ውሃ እስኪጠራ ያፍሉት፣ ያቀዝቅዙት፣ ፒኤቹን ወደ 10 ይመልሱ። እንደገና ቢጫ ካለ እንደገና ያፍሉ። ጠርቶ ሲጸና በትንሽ በትንሹ ከፋፍለው በ20 ዲግሪ ከዜሮ በታች ያስቀምጡ፣ ሲሠሩ 1 ሚሊሞላር ይጨምሩ። ዲቲቲና ኢዲቲኤ የተባሉት ኬሚካሎች ስለሚያደክሙት ሴል በሚሰብሩበት ፈሳሽ ውስጥ አብረው አይግቡ።

ለኬ562 ግን የምንመርጠው ሌላ ነው፦ ሴሎቹን በቀዝቃዛ ፒቢኤስ አንድ ጊዜ አጥበው በቀጥታ ፈልቶ የወጣ ኤስዲኤስ (ፕሮቲን የሚፈታ ሳሙና) ያለበት ናሙና ማዘጋጃ ላይ ያፍስሱ፤ ፎስፌት ነቃዩም ፕሮቲን ቆራጩም ኢንዛይም በአንድ አፍታ ይሞታል። ከነዚያው ሴሎች ፒ-ግላይኮፕሮቲንን ማየት ከፈለጉ ግን ለሱ የተለየ ናሙና ይያዙና አያፍሉት፤ ሲፈላ ተጓጉሎ ጄሉ አፍ ላይ ይቀራል። ፕሮቲኖቹ ከጄሉ የተላለፉበትን ሜምብሬንም በወተት ሳይሆን በ5 በመቶ ቢኤስኤ (የከብት ደም አልቡሚን) ይሸፍኑ፤ የወተት ኬዚን ራሱ ፎስፌት የተሸከመ ፕሮቲን ነው።

ጥያቄ፦ ሚዲየሙ ጥርት ያለ ነው፣ ፔኒሲሊንም አለበት። ማይኮፕላዝማ የተባለውን ጥቃቅን ባክቴሪያ መመርመር ግዴታ ነው?

መልስ፦ አዎ። ማይኮፕላዝማ ፔኒሲሊን የሚያጠቃው የሕዋስ ግድግዳ የለውም፣ ሚዲየምም አያደፈርስም፣ በ0.22 ማይክሮሜትር ማጣሪያም ሊያልፍ ይችላል። አንዳንዱ ኑክሊዮሳይድ መሰል መድኃኒቶችን በራሱ ኢንዛይም ስለሚሰባብር፣ መድኃኒቱ ሲከሽፍ ሴሉ የተላመደ ይመስላል። አንቲባዮቲክ በሌለው ሚዲየም ለሁለት ሳምንት ካሳደጉ በኋላ ከላይኛው ፈሳሽ ፒሲአር (የባክቴሪያውን ዲኤንኤ የሚፈልግ ምርመራ) ያሠሩ። በዚያው የሴሉን ማንነት በኤስቲአር (የዲኤንኤ አሻራ ምርመራ) ያረጋግጡ፤ ኤምሲኤፍ-7 ከተባለው የጡት ካንሰር የመጣ እየተባለ ለዓመታት በመላመድ ጥናት ያገለገለ ታዋቂ ሴል ላይን፣ ሲመረመር ኦቭካር-8 ከተባለ የእንቁላል እጢ ካንሰር ሴል የወጣ ሆኖ ተገኝቷል።