ጉድጓድዎ አልደረቀም፣ ዲናሞው ቀድሞት ነው

ጥያቄ፦ «ቀበና፣ ወንዙ አጠገብ ባለ ግቢዬ ቆስጣና ሰላጣ አለማለሁ። ከገና በኋላ ቆስጣው ጠወለገብኝ። የጉድጓዱም ውኃ ጠዋት አለ፣ ከሰዓት የለም። ዲናሞው ጭቃ ያወጣል። ሁለት ሦስት ሜትር ላስጨምረው? ደግሞስ የከርሰ ምድር ውኃን ሳይንቲስቶች በኮምፒውተር ያውቁታል ይባላል፤ የኔን ግቢ አያዩልኝም?» (አንዲት እናት፣ ከቀበና)

መልስ፦ እናቴ፣ ቆፋሪ አይጥሩ።

«ጠዋት አለ፣ ከሰዓት የለም» ያሉት ነገር በቂዬ ነው። የደረቀ ጉድጓድ ጠዋትም ውኃ የለውም። ዲናሞውን መቼ እንደገዙት አልጻፉም፤ እኔ ግን ገና አካባቢ ነው ባይ ነኝ። በባልዲ ሲቀዱ እጅዎ ሲዝል ያርፋሉ፣ ጉድጓዱም አብሮዎት ያርፍ ነበር። ዲናሞ አይደክመውም። ሌሊቱን ሙሉ የተጠራቀመውን በአንድ ጊዜ ጠርጎ ጭቃው ላይ ይደርሳል። ቆስጣው ጠዋት በውኃ ተጥለቅልቆ ከሰዓት ይጠማል። በሽታም ሊኖር ይችላል፤ መጀመሪያ ግን ውኃውን እናስተካክል።

አንድ ገመድ ይፈልጉ። ጫፉ ላይ የታጠበ ድንጋይ አስረው በየ25 ሳንቲ ሜትሩ ይቋጥሩት። ጠዋት ማንም ሳይቀዳ እስከ ታች ያውርዱት። የረጠበው የገመዱ ክፍል የውኃው ጥልቀት ነው። የጉድጓዱ ስፋት 1 ሜትር ከሆነ፣ አንድ ሜትር ውኃ 785 ሊትር ገደማ ነው፤ በ200 ሊትር በርሜል አራት ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። ከዚያ ግማሹን ብቻ ስበው ዲናሞውን ያጥፉ። ሁለት ሰዓት ቆይተው እንደገና ይለኩ። አንድ ቋጠሮ ከፍ ካለ፣ በሁለት ሰዓት አንድ በርሜል ሰጠዎት ማለት ነው። የጉድጓድዎ ደመወዝ ይኸው ነው፤ በዚያው ልክ ይኑሩ።

ለምን ግማሹን? ዳርሲ የተባለ ፈረንሳዊ መሐንዲስ በ1856 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው፣ በአሸዋ ውስጥ የሚያልፈው ውኃ በሁለቱ ጫፍ ባለው የከፍታ ልዩነት ይወሰናል። ጉድጓዱ ሞልቶ ከቆየ በዙሪያው አፈር ካለው ውኃ ጋር ይስተካከልና የሚገባው ይቀንሳል፣ ጎደል ሲል ይፈጥናል። ጭራሽ ካሟጠጡት ግን ጭቃው ይነሳል፣ ግድግዳው ይናዳል፣ ዲናሞውም ይቃጠላል።

የሳቡትን በርሜል ውስጥ ያቆዩና ማለዳ ወይም ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ በማጠጫ ያጠጡ። ለበዓል የጎዘጎዙትን ሳርም አይጣሉ። አድርቀው በቆስጣው ሥር ያልብሱት፤ እርጥበቱን ይይዝልዎታል።

ውኃ በቀነሰ ቁጥር «ትንሽ ይጨመር» ማለት በየበጋው የማየው ልማድ ነው፤ ብዙ ጊዜ ብሩ ያልቃል እንጂ ውኃው አይጨምርም። ሰው ወርዶ አየር ሊያጥረው፣ አፈሩም ሊናድበት ይችላል። የቤንዚን ፓምፕ ጉድጓድ ውስጥ አውርዶ ማስነሳትማ አይታሰብ። ጭሱ ይገድላል።

ወደ ኮምፒውተሩ ስንመጣ፣ ባለሙያዎቹ ካርታውን እንደ ዳማ ሰሌዳ በአራት ማዕዘን ይከፋፍሉታል። ለእያንዳንዱ ክፍል ከዝናብ የሰረገውን፣ ከጎን የመጣውንና በጉድጓድ የወጣውን ያሰላሉ። ከእንጦጦ ሥር ወደ አቃቂ ውኃው እንዴት እንደሚወርድ ለማወቅ ጥሩ ነው። ግን የአንዱ ክፍል ስፋት ብዙ መቶ ሜትር ሊሆን ይችላል። ግቢዎ ከነሰፈሩ እዚያ ውስጥ ይጠፋል። በዚያ ላይ የአዲስ አበባ መሬት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ ከሥር ውኃው በብዛት የሚሄደው በስንጥቅ ነው። ፍልውኃን ያስቡ፦ እዚያ ትኩስ ውኃ ይፈልቃል፣ ትንሽ ራቅ ሲሉ የለም። ስለዚህ የጎረቤትዎ ሞልቶ የእርስዎ ቢጎድል ሰው አይጠርጥሩ። ሞዴል የሚሉት ይህ የኮምፒውተር ስሌትስ ልክ መሆኑ በምን ይታወቃል ቢሉኝ፣ ከጉድጓድ ከተለካ ቁጥር ጋር እያስተያዩ ነው። የሚለኩትም እንደ እርስዎው ሜትር ወደ ታች አውርደው ነው።

አንድ ነገር ዘለውኛል። ሰላጣ ብለዋል፣ ሽንት ቤቱ የት እንዳለ ግን አልጻፉም። ከጉድጓዱ ቢያንስ 30 ሜትር ካልራቀ፣ በዚያ ውኃ ተቀቅሎ የሚበላውን ቆስጣ ብቻ ያጠጡ፣ ሰላጣው ይቅር። የገመዱን ልኬት ለሁለት ሳምንት ጠዋት ጠዋት ደብተር ላይ ጽፈው ይላኩልኝ። ቆስጣው ያኔም ካላገገመ ሥሩን ነቅለን እናያለን።