ማጠፊያው ሳይገዛ ጂግ አይገዛም፦ ስለ ክፍል በር አገጣጠም ጥያቄና መልስ

የክፍል በር ማጠፊያ የሚቀመጥበትን ቦታ በራውተር (በሚሽከረከር ቢላ እንጨት በሚቦረቡረው የእጅ ማሽን) ለመቦርቦር ስለሚረዳው ጂግ ያላችሁን ጥያቄ አምጡ ብዬ ነበር። ጂግ የምለው በመዝጊያው ጠርዝ ወይም በመቃኑ ላይ የሚታሰረውን፣ የማጠፊያው ልክ የተቆረጠበትን ሰሌዳ ነው፤ ራውተሩ ከተቆረጠው ቅርጽ አልፎ አይሄድም። ከጅማና ከአካባቢዋ የመጣው ጥያቄ ብዙ ስለሆነ ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌአቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አንድ አዲስ ቤት ላይ 14 የክፍል በር ልገጥም ተዋውያለሁ። እስከ ዛሬ የምሠራው በመሮ ነው። ረጅሙን የአሉሚኒየም ጂግ ልግዛ ወይስ ለአንድ ማጠፊያ ብቻ የምታገለግለውን ትንሿን?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከሁለቱም በፊት ማጠፊያውን ግዛ፤ ሃያውንም አርባውንም ከአንድ ዓይነት፣ ቢቻል ከአንድ ካርቶን። ገበያ ላይ «አራት ኢንች» እየተባለ የሚሸጠው ማጠፊያ አንዱ 100 ሚሊሜትር፣ ሌላው 101.6 ሚሊሜትር ነው። ባለ ሦስት ኢንቹም እንዲሁ 75 ወይም 76.2 ይሆናል። ለዓይን አንድ ናቸው። ለ100 የተቆረጠ ጂግ ይዘህ 101.6 ማጠፊያ ብታመጣ ግን አይገባልህም፤ እያንዳንዱን ጉድጓድ በመሮ ማስፋት ሊኖርብህ ነው። ስለዚህ ማጠፊያውን በካሊፐር ለካ፤ ርዝመቱን፣ የክንፉን ስፋት፣ የክንፉን ውፍረት። ከዚያ በኋላ ጂግ ምረጥ።

ወደ ጥያቄህ ስመለስ፣ በእያንዳንዱ በር ሦስት ማጠፊያ ብታስብ 42 ማጠፊያ ነው፤ መዝጊያና መቃን ሲደመር 84 ጉድጓድ። መቃኖቹ አዲስ ከሆኑና የበሮቹ ቁመት አንድ ከሆነ ረጅሙ ጂግ ዋጋውን ይመልሳል። ጥቅሙ ፍጥነት ብቻ አይደለም። የሦስቱ ማጠፊያዎች ርቀት በመዝጊያውም በመቃኑም ላይ አንድ ስለሚሆን «ላይኛው ገባ፣ ታችኛው እምቢ አለ» የሚባል ጣጣ አይኖርም። ትሬንድ የሚባለው የእንግሊዝ መሣሪያ አምራች የሚሠራቸውን የመሳሰሉት ጫፋቸው ላይ የምትዞር ትንሽ ሳህን አላቸው፤ መዝጊያው ላይ በአንድ አቅጣጫ፣ መቃኑ ላይ በሌላ አቅጣጫ ትዞራለች፣ በዚህም ከመዝጊያው በላይ 3 ሚሊሜትር ክፍተት ይገኛል። ለሁለት የሚከፈለውን ብታገኝ ይሻልሃል፤ ሁለት ሜትር የሚጠጋ አሉሚኒየም በባጃጅ ይዞ መሄድ ምን እንደሚመስል ታውቀዋለህ።

ጥያቄ፦ እኔ የምሠራው ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ባሉ የድሮ ቤቶች ነው። መቃኑ ይቀራል፣ መዝጊያው ብቻ ይለወጣል። ለእኔስ?

መልስ፦ ረጅሙን ጂግ እርሳው። የድሮው መቃን ማጠፊያዎች ዛሬ በፋብሪካ በሚሠራ ልክ ላይ አይገኙም፤ አንዳንዴ በአንድ ቤት ውስጥ እንኳ ሁለት በር አይመሳሰልም። ጉበኑም ውሃ ልክ ላይ አይደለም። አንተ የሚያስፈልግህ ለአንድ ማጠፊያ የምትሆነው ትንሽ ጂግ ናት። ቀጥ ያለ ቀጭን ጣውላ መቃኑ ላይ አስደግፍና የነባሮቹን ጉድጓዶች ላይና ታች በስለታም ቢላ ምልክት አድርግ። ያንን ጣውላ ከላይ 3 ሚሊሜትር ቀንሰህ ወደ አዲሱ መዝጊያ አሻግር። ሜትር አትጠቀም፤ ሜትር ሲነበብ ስህተት ይገባል፣ ጣውላ ላይ የተጫረ መስመር ግን አይዛነፍም። አሮጌው ጉድጓድ ለአዲሱ ማጠፊያ ከጠለቀ ስስ እንጨት በኮላ ለጥፈህ እንደገና ቦርቡር።

ጥያቄ፦ የሙያ ተማሪ ነኝ። ጂጉን ራሴ መሥራት እችላለሁ? ልኩንስ እንዴት አወጣለሁ?

መልስ፦ ትችላለህ ልጄ፤ እንዲያውም ከአሥር በር በታች ለሚሠራ ሰው የምመክረው ይህንን ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚሁ ላይ ነው። ከራውተሩ ሥር የሚታሰረው መሪ ቀለበት የጂጉን ጠርዝ እየነካ ይሄዳል፣ በመሐሉ የሚሽከረከረው የራውተሩ ቢላ ግን ከቀለበቱ ይቀጥናል። የቀለበቱ የውጭ ስፋት 16፣ ቢላው 12 ሚሊሜትር ከሆነ ልዩነቱ 4 ነው፤ በእያንዳንዱ ጎን 2 ሚሊሜትር ማለት ነው። ስለዚህ ለ100 ሚሊሜትር ማጠፊያ የጂጉ ክፍተት 104፣ ለ75 ደግሞ 79 ይሆናል። በስፋት በኩል አንዱ ጎን ክፍት ስለሆነ የምትጨምረው 2 ብቻ ነው።

አሁን ሌላ ሰው በኢንች የተሠራ ቀለበትና ቢላ ይሰጥህ እንበል፤ ቀለበቱ 15.9፣ ቢላው 12.7። ልዩነቱ 3.2 ስለሆነ በዚያው 104 ክፍተት የሚቦረቦረው 100.8 ነው። ማጠፊያው ይላወሳል። ጂግ፣ ቀለበትና ቢላ አንድ ቤተሰብ ናቸው፤ ለያይተህ አትዋስ፣ አታውስም።

ሰሌዳው ባለ 12 ሚሊሜትር ኤምዲኤፍ ወይም ጥሩ ኮምፔንሳቶ ይሁን። ከዚያ ከሳሳ ቀለበቱ ወደ ታች ወጥቶ እንጨቱን ይነካል፣ ራውተሩም ከጂጉ ላይ ይነሳል። ሥሩ ላይ ከመዝጊያው ፊት ጋር የሚገጥም ጣውላ በስኳድራ አስተካክለህ ቸንክር። መጀመሪያ ውዳቂ እንጨት ላይ ሞክረው፤ ማጠፊያው በእጅ ግፊት ገብቶ ገልብጠህ ስትይዘው የማይወድቅ ከሆነ ልኩ ያ ነው።

ጥያቄ፦ ጥልቀቱን እንዴት አስተካክላለሁ?

መልስ፦ ቁጥር አታንብብ። ራውተሩን ጂጉ ላይ አቁም፣ ቢላው እንጨቱን እስኪነካ አውርድና ቆልፍ። ከዚያ የማጠፊያውን አንድ ክንፍ ከጥልቀት ማቆሚያው ሥር አስገብተህ ማቆሚያውን በላዩ አሳርፍ። ክንፉን ስታወጣ የቀረው ክፍተት የምትፈልገው ጥልቀት ነው።

ጥያቄ፦ አናጺ አይደለሁም፣ ኮቺ አካባቢ ቤት የማሠራ ነኝ። ሁለት በሮች ሲዘጉ ወደ ኋላ ይገፋሉ፣ ቁልፉ ጋ ለመድረስ መግፋት አለብኝ። አናጺው «ይለምዳል» ይለኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ አይለምድም እህቴ። ማጠፊያው የተቀመጠበት ጉድጓድ ከክንፉ ውፍረት በላይ ጠልቋል፤ በሩ ሊዘጋ ሲል መዝጊያውና መቃኑ በማጠፊያው በኩል ይጋጫሉ። ካልሆነም የብሎኖቹ ራስ ወጥቶ እርስ በርሱ ይነካካል፤ ይህን በሩን ከፍተሽ በዓይንሽ ማየት ትችያለሽ። የመጀመሪያው ከሆነ ብሎኖቹ ይፈቱና ከክንፉ ሥር በልኩ የተቆረጠ ወፍራም ወረቀት ወይም ስስ ካርቶን ይገባል። የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። እንዲሁ እየተገፋ ከቆየ ግን ብሎኖቹ ከእንጨቱ ይነቀላሉ። ቀሪዎቹን በሮች ከመቀበልሽ በፊት መዝጊያውን በማጠፊያው ጎንና ከላይ ተመልከቺ፤ ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር እኩል ክፍተት ከላይ እስከ ታች መታየት አለበት።

ጥያቄ፦ በክረምት የገጠምኳቸው በሮች በበጋ ይላላሉ፣ በበጋ የገጠምኳቸው በክረምት አይዘጉም። የተሻለ ጂግ ይፈታዋል?

መልስ፦ ይህ የጂግ ጥፋት አይደለም። ጅማ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊሜትር ዝናብ የምታገኝ ከተማ ናት፤ እንጨት እርጥበት ሲጠጣ በስፋቱ ያብጣል፣ በርዝመቱ ግን እምብዛም አይለወጥም። ጂጉ የሚወስነው የላይኛውንና የማጠፊያውን ጎን ክፍተት ነው። መዝጊያው ሲያብጥ የሚጣበቀው ግን በቁልፉ ጎን ነው፤ እዚያ የሚሠራው መላጊያህ እንጂ ጂግህ አይደለም። በሐምሌ ስትገጥም በቁልፉ ጎን 2 ሚሊሜትር ይበቃል፣ እንጨቱ አብጧልና። በጥር ከሆነ 3 ወይም ትንሽ በለጥ ያለ ተው። ከዚህ ሁሉ በላይ የሚረዳው እንጨቱ በደንብ የደረቀ መሆኑና የመዝጊያው ላይኛና ታችኛ ጠርዝ ቀለም ወይም ቫርኒሽ መጠጣቱ ነው። ቀለም ቀቢዎች የታችኛውን ጠርዝ ስለማይታይ ይዘሉታል። በሩን ከመስቀልህ በፊት ራስህ ቀባው። ዋንዛ ከብዙዎቹ የተሻለ ይታገሳል፤ እርጥብ ባሕር ዛፍ ግን ምን ብታደርገው ይጣመማል።

ጥያቄ፦ መቃኑ የብረት ከሆነ?

መልስ፦ በብረቱ በኩል ማጠፊያው ይበየዳል፤ ጂግ የሚያስፈልግህ ለመዝጊያው ብቻ ነው። ትንሿ ትበቃለች።

ጥያቄ፦ ትልቅ ራውተር የግድ ነው? ዘመድ ከአሜሪካ ልላክልህ እያለኝ ነው።

መልስ፦ የግድ አይደለም። የምትቦረቡረው ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ስለሆነ በአንድ እጅ የሚያዘው ትንሹ ራውተር ይችለዋል፤ ሥሩ መሪ ቀለበት የሚቀበል መሆኑን ብቻ አረጋግጥ። የአሜሪካውን በተመለከተ መጀመሪያ የስም ሰሌዳውን ፎቶ አንስቶ ይላክልህ። እዚያ የሚሸጠው 120 ቮልት ነው፣ የእኛ መብራት 220፤ ያለ መቀነሻ ትራንስፎርመር ብትሰካው ይቃጠላል። በባትሪ የሚሠራ ቢልክልህ ግን መብራት ሲጠፋም አትቆምም፤ ቻርጀሩ 220 የሚቀበል መሆኑን ጠይቅ። የቢላውን አንገትም ተጠንቀቅ። የአሜሪካው ትንሽ ራውተር የቢላ መያዣ ሩብ ኢንች፣ ማለትም 6.35 ሚሊሜትር ነው፤ እዚህ የምታገኘውን ባለ 6 ሚሊሜትር ቢላ የያዘ ይመስላል፣ ሲዞር ግን ይንሸራተታል። አደገኛ ነው።

ጥያቄ፦ ራውተሩ የሚተወውን ክብ ማዕዘን ምን ላድርገው?

መልስ፦ ባለ 12 ሚሊሜትር ቢላ 6 ሚሊሜትር ራዲየስ ይተዋል። ባለ ክብ ማዕዘን ማጠፊያ በዚሁ ራዲየስ ካገኘህ እንዳለ ይገባል፤ እዚህ በብዛት የማየው ግን ባለ ሹል ማዕዘኑን ነው። በሰላ መሮ ሁለት ምት ነው። ለዚያ ተብሎ የሚሸጠውን የማዕዘን መሮ አልለመድኩትም፤ ጠንካራ እንጨት ላይ እየተንሸራተተ ያበሳጨኛል።

ጥያቄ፦ ሦስተኛውን ማጠፊያ መሐል ላድርገው ወይስ ወደ ላይ?

መልስ፦ የላይኛው ከመዝጊያው አናት 150፣ የታችኛው ከግርጌው 225 ሚሊሜትር ገደማ ላይ ይሁን። ሦስተኛው ወደ ላይ ሲጠጋ ክብደት ያግዛል፣ መሐል ሲሆን መዝጊያው እንዳይጣመም ይይዘዋል። በጅማ እርጥበት እኔ መሐሉን እመርጣለሁ። ውስጡ ባዶ ለሆነ ቀላል በር ሁለት ባለ 75 ይበቁታል፤ ለዋንዛ ወይም ለቀረሮ ሙሉ እንጨት ግን ሦስት ባለ 100 አድርግ። ብሎኑ 4 ሚሊሜትር ከሆነ በ2.5 ወይም በ3 ፑንታ አስቀድመህ ብሳ፤ በተለይ ባሕር ዛፍ ሳይበሳ ይሰነጠቃል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ያገለገለ ረጅም ጂግ በጥሩ ዋጋ ቀርቦልኛል። ምን ልይ?

መልስ፦ ጠርዙን በጣትህ ዳስሰው። ቢላ የነከሰው ቦታ ካለ ያ ጥርስ በእያንዳንዱ በርህ ላይ ይታተማል። ጫፉ ላይ ያለችው ሳህን አለች? ሳትላላ ትዞራለች? ለሁለት የሚከፈል ከሆነ ገጥመህ ቀጥ ያለ ነገር ላይ አስተኛው፤ መጋጠሚያው ላይ ከተጎበጠ ተወው። ቀለበቱና ቢላው አብረው ካልመጡ ዋጋው ላይ ተከራከር፣ ለብቻ ፈልገህ ማግኘቱ ቀላል አይደለምና። ስትሄድ ደግሞ ማጠፊያህን በኪስህ ይዘህ ሂድ።