ከትከሻ ጅማት ቀዶ ሕክምና በኋላ ስለማይለቅ ሕመም

እህቴ፣ ቀዶ ሕክምናው 5 ወር ሆኖት ትከሻሽ ሌሊት አላስተኛ ስላለሽ፣ ሐዋሳ ወጌሻ ጋ ሄጄ ላሳሸው ወይ ብለሻል። እባክሽ ተይው! የተሰፋ ጅማት በኃይል ሲታሽና ሲጎተት ሊበጠስ ይችላል።

ሕመሙ መቆየቱ ብቻውን አያስደንግጥሽ። ጅማቱ ከአጥንቱ ጋር ለመያያዝ 3 ወር ገደማ ይፈልጋል፤ ጥንካሬው እስኪመለስ 6 ወር፣ አንዳንዴም ዓመት ይፈጃል።

አንድ ነገር ግን አስተውዪ። ክንድሽን ሌላ ሰው ቀስ ብሎ ሲያነሳልሽም አልሄድ ካለ ትከሻው ደርቆ ይሆናል፤ ስኳር ባለበት ሰው ላይ ይህ ይበዛል። ለሌላ ሰው እየተነሳ በራስሽ አቅም እምቢ ካለ ግን ጅማቱ ዳግም ተቀዶ እንደሆነ በአልትራሳውንድ ወይም በኤምአርአይ ይታይ። ይህን ልዩነት ለሐኪምሽም ለፊዚዮቴራፒ ባለሙያሽም ንገሪያቸው።

ማታ ከወገብሽ ከፍ ብለሽ ተኚ፣ ከክርንሽ ሥር ትራስ አድርጊ። ትኩሳት ወይም ከቁስሉ ፈሳሽ ካለ ቀጠሮ ሳትጠብቂ ዛሬውኑ ሂጂ።